ፓምፕ ሲገዙ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ጥልቀቱን

በደገሀቡርና በጀረር ሸለቆ ዝናብ ሲርቅ ተስፋው ቢርካና ጉድጓድ ነው። ፓምፕ ገዢው ታዲያ በቅድሚያ የሚጠይቀው ዋጋውንና የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ነው። ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያስቆጨው ግን ሳይጠየቅ የሚታለፈው የመሳቢያ ጥልቀት ነው።

ከጉድጓድ አፍ ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል እንጂ ውሃውን አይጎትትም። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጪው አየር ክብደት ነው። ይህ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሳል። 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደገሀቡር ወደ 9 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከርሷ ከፍ ባለችው ጅጅጋ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በቱቦው ውስጥ የሚባክነው ሲቀነስ በሥራ ላይ የሚታመነው ከ6 እስከ 7 ሜትር ነው። ባለ 5 ፈረስ ጉልበቱን በባለ 10 መለወጥ ወጪ እንጂ ጥልቀት አይጨምርም።

ሻጭ «30 ሜትር ይሠራል» ቢል አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላላውን ከፍታ ማለቱ ነውና የመሳቢያውን ለይተው ይጠይቁ። አስቀድመውም ውሃው በጎደለበት ወቅት ጥልቀቱን በገመድ ይለኩ። ለቢርካ የላይኛው ፓምፕ በአብዛኛው ይበቃል። ውሃው ከ7 ሜትር በታች ከሆነ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያስፈልጋል፤ የጄኔሬተሩ ወይም የሶላሩ ወጪም አብሮ ይሰላ።

የቤንዚን ፓምፕን ወደ ጉድጓድ ማውረድ ግን ፈጽሞ አይሞከር። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላል።