ትርፍራፊ ወረቀትን ስለ መጠረዝ

የዛሬው ትምህርት ከቤት በሚጣል ወረቀት የሥዕልና የማስታወሻ ደብተር ስለ መሥራት ነው። ከመቀስና ከሙጫ በፊት ግን መሠረቱን እንያዝ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 አምስት ሺሁ ሕዝብ ከጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ የተረፈውን እንዲሰበስቡ ታዘዙ፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። ትእዛዙ የመጣው በረሃብ ሳይሆን በጥጋብ ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ። እስልምናም ኢስራፍን፣ ማለትም ማባከንን፣ የሚከለክለው ላለውም ለሌለውም ነው። ስለዚህ በድሬዳዋ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያና ወዲህ፣ ከዚራም መጋላም ያላችሁ፣ በዚህ ትምህርት አትለያዩም። የተረፈን መሰብሰብ የድህነት ሥራ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ለቆራሌ የሚሰጥ ዕቃ» እያለ የሚያፍር ተማሪ ስለማይጠፋ ነው።

ሥራው ከሌላ አገር የመጣ የሚመስለው ካለ ዳገቱን ወጥቶ ሐረርን ይመልከት። ሐረር ለዘመናት ቁርኣንና ኪታብ ሲጻፍባትና ሲጠረዝባት የኖረች ከተማ ናት። ወረቀቱ ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር፤ ከድሮዎቹ ጽሑፎች አንዳንዶቹን ወደ ብርሃን ብትይዟቸው ሦስት ጨረቃ ይታያችኋል፤ የጣሊያን ወረቀት ሠሪዎች ምልክት ነው። ያን ያህል ተጉዞ የመጣ ወረቀት በከንቱ አይጣልም። በእስላማዊው የጥረዛ ጥበብ የሽፋኑ ገበታ ብዙ ጊዜ እንጨት አይደለም፤ እርስ በርሱ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ጠራዡ የተበላሸውን፣ አንዳንዴም የተጻፈበትን ቅጠል ደራርቦ ያጠነክርና ቆዳ ያለብሰዋል። የደገኛው የብራና መጽሐፍ ደግሞ የእንጨት ገበታ ቢኖረውም ስፌቱ አቻ የለውም። እኛ ሽፋኑን ከሐረር፣ ስፌቱን ከደገኛው እንወስዳለን። ሁለቱን ማገናኘት ለድሬዳዋ ሰው አይከብደውም።

አሁን ወረቀቱን ዘርግፉ። ከመቁረጣችሁ በፊት እያንዳንዱን አንብቡ። ይህ ሕግ ነው፤ ከሁሉም በላይ የምጸናበትም እሱ ነው። በአንድ የድሬ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ዐረብኛ የተጻፈበት ወረቀት አብሮ ይገኛል። የማታነቡት ፊደል ካለ ጎረቤት ጠይቁ፤ የፈጣሪ ስም ወይም የቅዱስ መጽሐፍ ቃል ያለበት ለመቀስ አይሰጥም፣ በክብር ለብቻው ይቀመጣል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የአያት ደብዳቤም እንደዚሁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ስንቱ ቤት ከነሙሉ ሰነዱ እንደሄደ የምታውቁት ናችሁና «አሮጌ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ምክንያት አይሁናችሁ።

የቀረውን በየባሕርዩ ለዩ። በአንድ ፊቱ ብቻ የተጻፈበት የተማሪ ደብተር ለውስጥ ገጽ ይሆናል። ጋዜጣ ቶሎ ቢጫ ይሆናልና በሽፋኑ ሆድ ውስጥ ይደበቅ። የሲሚንቶ ከረጢት፣ የላስቲኩ ሳይሆን የወረቀቱ፣ ጠንካራ ስለሆነ ማጠፊያው ላይ ይገባል፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ከቤት ውጭ አራግፉት፣ በደረቅ ጨርቅም ጥረጉት። የሱፐርማርኬት ማሽን የሚያትመው የሚያብረቀርቅ ደረሰኝ በኬሚካል የተቀባ ስለሆነ ጨርሶ አይግባ። ወረቀትን ዘፍዝፎ፣ ወቅጦና አጥልሎ እንደገና ወረቀት ማድረግም ይቻላል፤ ግን ብዙ ውሃ ይጠጣል። ውሃዋን ከከርሰ ምድር ለምታወጣ ከተማ አልመክረውም።

ወረቀት ቃጫ አለው፤ በፋብሪካ ሲሠራ ቃጫው በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ሉሁን ሳትሰብሩ በቁመቱም በጎኑም ለመጠቅለል ሞክሩ፤ እሺ ሲላችሁ ቃጫው በጥቅሉ ቁመት ተኝቷል። እጥፋቱ ከቃጫው ጋር ይሂድ። ያለዚያ ጀርባው እየተሰነጠቀ ገጹም አልተኛ ይላል።

ሙጫው የስንዴ ዱቄት ነው፤ ለአንድ ኩባያ ዱቄት አምስት ኩባያ ውሃ። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ ከዚያ እያማሰላችሁ አብስሉት፤ ነጭነቱ ሄዶ ሲወፍር አውርዱ። በስሱ እየቀባችሁ አሥር ያህል ጋዜጣ ለጥፉ። እዚህ ላይ የድሬ ፀሐይ ጠላት ናት፤ አንዱን ፊት ቀድማ ስታደርቅ ገበታው ይቆለመማል። በጥላ፣ በሁለት ጣውላ መካከል፣ ከደቻቱ አሸዋ ላይ የለቀማችሁትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ጭናችሁበት ይደር። ድንጋዩ ታጥቦ የደረቀ ይሁን።

ስፌቱን ቀስ ብለን እንየው። አራት ሉህ አንድ ላይ ብታጥፉ ስምንት ቅጠል ያለው አንድ ጥራዝ ይሆናል። ስድስት ወይም ሰባት ጥራዝ ይበቃል። እጥፋቱን በወስፌ አራት ቦታ ብሱ፤ ሁለት ወደ ራስጌ፣ ሁለት ወደ ግርጌ። ሁሉም እንዲገጥም ከካርቶን ልክ አውጡ። ለእያንዳንዱ ጥንድ ቀዳዳ በሰም የታሸ አንድ ክር፣ በክሩ ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ። ከመጀመሪያው ጥራዝ ውስጥ ሁለቱን መርፌዎች ወደ ውጭ አውጡ። ሁለተኛውን ደርቡ፤ መርፌዎቹ ትይዩ ባለው ቀዳዳ ይግቡ፣ ውስጥ ይተላለፉ፣ የቀኙ በግራ የግራው በቀኝ ይውጣ። ሦስተኛው ላይም እንዲሁ፤ አሁን ግን መርፌው ከወጣ በኋላ ከሥሩ ባለው ስፌት ሾልኮ ያንን ይያዝ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ። ይህ መያዝ ነው ሰንሰለቱን የሚሠራው። ጀርባው ሙጫ ስለማይነካው ደብተሩ ሲከፈት ጠረጴዛ ላይ ዝርግት ብሎ ይተኛል፤ ለሚስል ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም። ክሩን ስታጠብቁ በእጥፋቱ አቅጣጫ ሳቡ፤ ወደ ላይ የሳበ ይቀደዋል።

የሥዕል ደብተር ሲለጠፍበት ያብጣል። ስለዚህ በየጥራዙ መካከል ሁለት ጣት የምትሰፋ ቁራጭ አጥፋችሁ አብራችሁ ስፉ፤ ጀርባው አስቀድሞ ቦታ ይይዝላችኋል። በመጨረሻ የፊተኛውንና የኋለኛውን ጥራዝ በሲሚንቶ ወረቀት ከገበታው ጋር አያይዙ።

ደብተሩ ካለቀ በኋላ ገጹን ለማስጌጥ የእስክሪብቶ ጽሑፍ ላይ ቀጭን ነጭ ቀለም ብትቀቡ ያለፈ ዓመት ሒሳብ ከሥር እየታየ ያምራል፤ የማርከር ጽሑፍ ግን ሊፈስ ይችላልና ጥጉን በእርጥብ ጣት ፈትኑ። ለቡናማ ቀለም ሀሻራ ከተጠጣ በኋላ የቀረው የቡና ገለባ እንደገና ይፍላ። እርድ ደማቅ ነው፣ ብርሃን ላይ ግን ይደበዝዛል፤ ተዘግቶ ለሚቆይ ገጽ ብቻ ተጠቀሙበት። አንዱ ገጽ ሳይደርቅ ሌላውን አትጀምሩ። በእኛ ሙቀት አንድ ሲኒ ቡና እስክትጠጡ ይደርቃል።