የተሳቢ ጎማ፣ የነፋስ ግፊትና የጋዝ ሕግ

እንደሚታወቀው፣ ከአገራችን የወጪና የገቢ ጭነት ብዙው በአዲስ አበባና በጅቡቲ ወደብ መካከል በሚመላለሱ ባለተሳቢ መኪናዎች ይጓጓዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ወደቡ በባሕር ወለል ላይ ነው። በዚህ ጉዞ የተሳቢው ጎማ ሙቀትም የከባቢ አየር ግፊትም ይለዋወጥበታል። ለመሆኑ ሾፌሩ በመንገድ ላይ የጎማው ግፊት ጨምሮ ቢያገኘው ማስተንፈስ ይገባዋልን? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፊዚክስ ሕግ እንመረምራለን።

በቅድሚያ የጎማ ምርጫን እንመልከት። በጎማው ጎን ላይ፣ ከመጠኑ ቀጥሎ፣ እንደ 152/148 ያለ የጭነት መለያ ቁጥር ይገኛል። 152 ጎማው ለብቻው ሲገጠም 3,550 ኪሎ ግራም፣ 148 ደግሞ በጥንድ ሲገጠም 3,150 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል ያመለክታል። አራት ጎማ ባለው አክስል ላይ 10,000 ኪሎ ግራም ቢያርፍ ለእያንዳንዱ 2,500 ይደርሰዋል። ከጥንዱ አንዱ ቢተነፍስ ግን ጓደኛው 5,000 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከአቅሙ እጅግ የበለጠ ይሸከማል። ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው በጎማው ውስጥ የታመቀው አየር ነውና፣ ቁጥሩ የሚሠራው ጎማው በታዘዘለት ግፊት ሲነፋ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ግፊቱ እንለፍ። አዲስ አበባ ላይ፣ በ17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (290 ኬልቪን)፣ ጎማው 8 ባር ተነፋ እንበል። መለኪያው የሚያሳየው በውስጥና በውጪ አየር መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ የከተማዋን የከባቢ አየር ግፊት 0.77 ባር ስንደምርበት ፍጹም ግፊቱ 8.77 ባር ይሆናል። የጎማው ይዘት እምብዛም ስለማይለወጥ፣ በጌይ-ሉሳክ ሕግ መሠረት ግፊቱ ከኬልቪን መጠነ ሙቀቱ ጋር ይመጣጠናል። ጎማው ጅቡቲ ሲደርስ 67 ዲግሪ (340 ኬልቪን) ቢሞቅ፦

8.77 × 340 ÷ 290 = 10.28 ባር

ከዚህ የባሕር ወለሉን 1.01 ባር ስንቀንስ መለኪያው 9.27 ባር ያሳያል።

ሾፌሩ «ሊፈነዳ ነው» ብሎ ወደ 8 ባር ቢያወርደው፣ ሌሊት ጎማው ወደ 30 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ መለኪያው 7 ባር ገደማ ያሳያል። ሳይነካው ቢተወው ኖሮ 8.15 ባር በሆነ ነበር። ነገሩን አሳሳቢ የሚያደርገው ብዙዎቹ መኪናዎች ወደ ወደቡ ሲወርዱ ጭነታቸው ቀላል፣ ሲመለሱ ግን ሙሉ መሆኑ ነው። ነፋሱ የሚጎድለው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ነፋስ የጎደለው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ አብዝቶ ይታጠፋል፤ ይህም መተጣጠፍ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ሲበረታ ጎማው ከውስጥ ሽቦው እየተላቀቀ ይሄድና ይፈነዳል፤ አንዳንዴም በእሳት ይያያዛል። ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው፣ ትኩስ ጎማን ማስተንፈስ አደጋውን ያባብሰዋል እንጂ አያስቀረውም።

ስለዚህ ግፊት መለካት ያለበት ከጉዞ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። የተሳቢ ጎማ መተንፈሱ በመሪው ላይ ስለማይሰማ፣ እያንዳንዱ፣ በተለይም የጥንዱ የውስጠኛው ጎማ፣ በመለኪያ ሊታይ ይገባል። በመንገድ ላይ የሚያጠራጥረው ግፊቱ የጨመረው ሳይሆን ከጓደኞቹ ተለይቶ ያነሰው ጎማ ነው።

መልመጃ፦ በጅቡቲ በ30 ዲግሪ 8 ባር የተነፋ ጎማ በማግስቱ አዲስ አበባ ላይ በ10 ዲግሪ ስንት ባር ያሳያል? አንባብያን ከላይ ያለውን ስሌት ተከትለው ሲሠሩት ከ7.6 እስከ 7.7 ባር ያገኛሉ።