የመኪና ንጽህና አጠባበቅ በጋራ መኖሪያ ቤቶች

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ትምህርት ሲጠናቀቅ አንባቢው፦
• በወረርሽኝ ወቅት ከመኪናው የትኛው ክፍል በቅድሚያ መጽዳት እንዳለበት ይለያል፤
• በጥቂት ውሃ የሚከናወነውን የአጸዳድ ቅደም ተከተል ያውቃል፤
• መኪና የሚያጥበውን ሰውም ሆነ ጎረቤቱን ለጉዳት ሳያጋልጥ ሥራውን ማከናወን ይችላል።

መግቢያ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸ ወዲህ የቤት መኪና ለብዙ ቤተሰብ የሚሰጠው አገልግሎት ጨምሯል። ድንገት የታመመ ሰው ወደ ጤና ተቋም የሚደርሰው፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትል ያላቸው አረጋዊት እናት ለቀጠሯቸው የሚሄዱት፣ የሳምንቱ አስቤዛ የሚጫነው በእርሱ ነው። ጎረቤት ሲቸገርም የሚጠየቀው ይኸው መኪና ነው። በመሆኑም መኪናው የቤቱ አንድ ተጨማሪ ክፍል ሆኗል፤ ክፍሉ ግን ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ሲዘጋም አየር አይዘዋወርበትም።

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች (ኮንዶሚኒየም) የሚኖር ቤተሰብ ግቢ እንዳለው ሰው ጎማ ዘርግቶ መኪናውን ማጠብ አይችልም። አብዛኞቹ ብሎኮች አሳንሰር የሌላቸው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ስለሆኑ ውሃው ከቤት በጀሪካን ተሸክሞ መውረድ አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰሞን ደግሞ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ለእጅ መታጠቢያ፣ ለምግብ ማብሰያና ለመጸዳጃ ቤት የተቆጠረ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ባለ መኪና አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፦ ያለው ጥቂት ውሃ በየትኛው የመኪናው ክፍል ላይ ይዋል?

1. ቅድሚያ የሚሰጠው ክፍል

የኮቪድ-19 ቫይረስ በዋናነት የሚተላለፈው በበሽታው የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲናገርና ሲተነፍስ በሚወጡ ፍንጣቂዎችና ጥቃቅን ጠብታዎች አማካኝነት ነው። ፍንጣቂው ያረፈበትን ዕቃ ነክቶ ዓይንን፣ አፍንጫን ወይም አፍን መንካትም ሌላው የመተላለፊያ መንገድ ነው። በቤተ ሙከራ በተደረገ ጥናት ቫይረሱ በፕላስቲክና በማይዝግ ብረት ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ በካርቶን ላይ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ታይቷል፤ ሆኖም መጠኑ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀነሰ ይሄዳል።

ከዚህ በመነሳት ቅድሚያው እንደሚከተለው ይሆናል።

አንደኛ፣ አየር። መስኮት መክፈት ውሃም ገንዘብም አይጠይቅም። ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ሲሳፈር በተቃራኒ ጎን የሚገኙ ሁለት መስኮቶች ቢከፈቱ አየሩ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሁሉም ተሳፋሪ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ እጅ የሚያዘወትራቸው ቦታዎች። እነዚህም የበር እጀታዎች (ከውጭም ከውስጥም)፣ መሪ፣ የማርሽ ዘንግ፣ የእጅ ፍሬን፣ የፍሬቻ ዘንግ፣ የመስኮት መክፈቻ፣ የደህንነት ቀበቶ ማሰሪያ፣ የራዲዮ ቁልፎች፣ የውስጥ ስፖኪዮ እና የመኪናው ቁልፍ ራሱ ናቸው።

ሦስተኛ፣ ለመንገድ ደህንነት የሚያስፈልጉ ክፍሎች። የፊትና የኋላ መስታወት፣ ስፖኪዮ፣ መብራትና ሰሌዳ ንጹህ ሊሆኑ ይገባል።

የመኪናው አካልና ጎማ የመጨረሻው ተራ ይደርሳቸዋል። በጎማ ላይ የደረቀ ጭቃ ዓይን ቢያስከፋም የቤተሰቡን ጤና አይጎዳም፤ ውሃ እስኪገኝ ሊቆይ ይችላል።

2. የሚያስፈልጉ ነገሮች

• 5 ሊትር ገደማ ውሃ፣ በሁለት ባልዲ ተከፍሎ፤
• የዱቄት ወይም ፈሳሽ ሳሙና፤
• ሦስት ንጹህ የጥጥ ጨርቆች (ያረጀ ካናቴራ ይበቃል)፤
• የእጅ ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፤
• 70 በመቶ የሆነ አልኮል፣ ካልተገኘ በውሃ የቀጠነ በረኪና።

ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ በረኪና ሲቀጠን 20 ሚሊ ሊትር በረኪና በ980 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ 0.1 በመቶ የሆነ አንድ ሊትር ድብልቅ ይገኛል። 20 ሚሊ ሊትር ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት ከፍ ይላል። ድብልቁ ኃይሉን ስለሚያጣ በየዕለቱ አዲስ መዘጋጀት አለበት።

3. የአጸዳድ ቅደም ተከተል

ሀ. ሞተሩ ይጠፋል፤ አራቱም በሮች ተከፍተው መኪናው ለጥቂት ደቂቃዎች ይናፈሳል።
ለ. በውስጡ ያለ ቆሻሻ በፌስታል ተጠራቅሞ ይታሰራል። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ አቧራ ስለሚያስነሳ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይመረጣል።
ሐ. የመጀመሪያው ጨርቅ በሳሙና ውሃ ተነክሮና ተጨምቆ በእጅ የሚነኩ ቦታዎች በሙሉ ይወለወላሉ። አወላወሉ ከላይ ወደ ታች፣ ከንጹሁ ወደ ቆሻሻው ይሆናል። ሳሙና የቫይረሱን የስብ ሽፋን ስለሚያፈርስ ይህ እርምጃ ብቻውን ብዙ ጥቅም አለው።
መ. ሁለተኛው ጨርቅ በንጹህ ውሃ ረጥቦ ሳሙናው ይለቀለቃል።
ሠ. በሦስተኛው ጨርቅ አልኮል ወይም የቀጠነ በረኪና ይቀባል። ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በረኪና ከሆነ በመጨረሻ በንጹህ ውሃ ይወለወላል። ቆሻሻ የጸረ ተህዋስያንን ኃይል ስለሚያዳክም በሳሙና ሳይጸዱ ወደዚህ ደረጃ መሸጋገር አይገባም።
ረ. ጓንቱ ከወለቀ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ጨርቆቹ ታጥበው በፀሐይ ይሰጣሉ።

4. መወሰድ ያለባቸው ጥንቃቄዎች

አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላል። በሚቀባበት ጊዜ በአቅራቢያ ሲጋራም ሆነ ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ መኖር የለበትም። በረኪና ከአሲድ፣ ከኮምጣጤ፣ ከአልኮል ወይም አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። በረኪና ጨርቅን ያነጣል፣ ብረትን ያዝጋል፣ የደህንነት ቀበቶን ክር ያዳክማል፤ ስለዚህ ቀበቶና ወንበር በሳሙና ውሃ ብቻ ይጸዳሉ። በረኪና በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሊቀመጥ አይገባም፤ ሕፃናት ውሃ መስሏቸው ሊጠጡት ይችላሉ። የታጠበበት ውሃ በደረጃ ላይ ወይም ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ ሳይሆን በፍሳሽ መስመር ይወገዳል።

5. መኪና የሚያጥበው ሰው

በብዙ ብሎኮች መኪና የሚያጥበው የጥበቃ ሠራተኛው ወይም አንድ የሰፈር ወጣት ነው። ይህ ወጣት በአንድ ማለዳ አሥር መኪናዎችን በአንድ ባልዲና በአንድ ጨርቅ ቢያጸዳ የአሥር ቤተሰብ ንክኪ በእጁ ያልፋል፤ ከሁሉም በፊት የሚጋለጠውም እርሱ ነው። እንዳይሠራ መከልከል ግን የዕለት ጉርሱን ማሳጣት ነው። ባለ መኪናው የራሱን ጨርቅ ቢያቀርብ፣ ወጣቱ ከመግባቱ በፊት በሮቹን ከፍቶ ቢያናፍስ፣ የመኪናውን የውስጥ ክፍል ራሱ አጽድቶ የውጩን ለወጣቱ ቢተውና ክፍያውን ባይቀንስ ሁለቱም ይጠበቃሉ። የብሎክ ኮሚቴውም በመኪና ማቆሚያው አጠገብ ቧንቧ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያና ሳሙና ማስቀመጥ ይችላል።

6. የታመመ ሰው ከተጓጓዘ

የበሽታው ምልክት ያለበትን ሰው ማጓጓዝ ግድ ከሆነ አስቀድሞ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ምክር መጠየቅ ይገባል። ታማሚው መሸፈኛ አድርጎ ከሾፌሩ በስተኋላ በሰያፍ ይቀመጣል፤ መስኮቶች ይከፈታሉ። ከጉዞው በኋላ መኪናው በሚገባ ተናፍሶ ከላይ በተገለጸው ቅደም ተከተል ይጸዳል። እስከዚያ ድረስ ሌላ ሰው፣ በተለይም አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው፣ ሊሳፈሩበት አይገባም።

ማጠቃለያ

በወረርሽኝ ወቅት የመኪና ንጽህና የሚለካው በቀለሙ ማብረቅረቅ አይደለም። አቧራ የለበሰ ነገር ግን መሪውና እጀታው የተወለወለ፣ መስኮቱም የተከፈተ መኪና፣ ከውጭ ታጥቦ ውስጡ ከተዘነጋ መኪና ይልቅ ለቤተሰብ የተሻለ ነው። ከጀሪካኑ የተረፈው ውሃ ለእጅ መታጠቢያ ይዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በብሎካችሁ መኪና የሚያጥበው ማን ነው? ራሱን ለመጠበቅ ምን አለው?
2. በቤት ውስጥ 10 ሊትር ውሃ ብቻ ቢኖር ለየትኞቹ ተግባራት ይከፋፈላል?
3. ጎረቤት የታመመ ሰው እንድታደርሱለት ቢጠይቅ ከመነሳታችሁ በፊትና ከተመለሳችሁ በኋላ ምን ታደርጋላችሁ?