ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በፊት ካንሰርን በምስል ማጣራት

ሽንቱ በጠብታ የሚወርድ፣ ሌሊቱን ሲነሣና ሲተኛ የሚያነጋ፣ ወይም ሽንቱ ጭራሽ ተዘግቶበት ካቴተር የገባለት ሰው «ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል» ሲባል የሚታየው እፎይታው ነው። የቀጠሮው ቀን ከመቆረጡ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት፦ እጢው ያበጠው በዕድሜ ብቻ ነው ወይስ ውስጡ ካንሰር አለ?

ብዙዎች «ፕሮስቴቴ ወጥቷል» ሲሉ እጢው ከነሥሩ የተነቀለ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ከዕድሜ ጋር የሚያብጠው የሽንት መውጫውን የከበበው የእጢው መሃለኛ ክፍል ነው። በሽንት መውጫ በኩል ተገብቶ የሚሠራው ቲዩአርፒም፣ በሌዘር የሚፈለቅቀው ሆሌፕም፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ለትልልቅ እጢዎች የሚሠራው ሆድ ተከፍቶ የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም የሚያወጡት ይህንኑ መሃለኛ ክፍል ነው። ከብርቱካን ሥጋው ወጥቶ ልጣጩ እንደሚቀር ሁሉ የእጢው የዳር ክፍል እዚያው ይቀራል። ከፕሮስቴት ካንሰሮች 70 በመቶ ያህሉ የሚነሡት ደግሞ ከዚሁ ከሚቀረው ክፍል ነው። ስለዚህ ሽንቱ እንደ ልብ ወረደ ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም።

ካንሰሩ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሲታወቅ ነገሩ ይከብዳል። አንዴ የተነካን እጢ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ለቀዶ ሐኪሙ አስቸጋሪ ነው፤ ሽንት ያለመቆጣጠር ችግርም ሊብስ ይችላል። የጨረር ሕክምና ቢመረጥ የሽንት መውጫ መጥበብና ሌሎች ጉዳቶች ይበረታሉ። በቀዶ ሕክምናው ምክንያት የፈሰሰው ደምና የቀረው ጠባሳም በኋላ የሚነሣውን ምስል ያደበዝዘዋል። ማጣራቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ደምዎን ያስመርምሩ

መነሻው ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ፒኤስኤ ከፍ የሚያደርገው ካንሰር ብቻ አይደለም፤ የእጢ ማበጥ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሽንት መዘጋት፣ ካቴተር ማስገባትም ያንሩታል። ኢንፌክሽን ከነበረብዎ ታክመው ስድስት ሳምንት ያህል ቆይተው ይመርመሩ። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ከግንኙነት ይታቀቡ። ካቴተሩ የማይወጣልዎ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ አምኖ መደንገጥም ሆነ መረጋጋት አይቻልም፤ በማግኔት የሚነሣው የኤምአርአይ ምስል የበለጠ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ፊናስተራይድ ወይም ዱታስተራይድ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይውጡ። እነዚህ መድኃኒቶች ስድስት ወር ያህል ከተወሰዱ የፒኤስኤን መጠን በግማሽ ይቀንሳሉ፤ ሐኪሙ ቁጥሩን በሁለት አባዝቶ ማንበብ አለበት። መድኃኒቱን ከፋርማሲ እየገዙ ለዓመታት የዋጡ ሰዎች ይህን ካልተናገሩ 3 ተብሎ የሚጻፈው ውጤት በእውነቱ 6 ነው።

ቀጥሎ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣት ይመረምራል። አባቶቻችን የሚሸሹት ምርመራ ይህ ነው፤ ሐኪሞችም አንዳንዴ አፍረው ያልፉታል። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ጠጣር እብጠት ወይም ያልተስተካከለ ገጽ ከተገኘ ፒኤስኤው ዝቅ ያለ ቢሆንም ጥርጣሬው ጸንቶ ይቆያል።

አልትራሳውንድ የሚነግርዎትና የማይነግርዎት

አልትራሳውንድ በየቦታው አለ፤ ዋጋውም የሚቻል ነው። የእጢውን መጠን ይለካል፣ ከሽንት በኋላ በፊኛ ውስጥ የቀረውን ያሳያል፣ ኩላሊት ተጨናንቆ እንደሆነ ይናገራል። ካንሰርን ለይቶ በማሳየት ግን አይታመንም። «ፕሮስቴት አብጧል፣ ሌላ የሚታይ ነገር የለም» የሚል ወረቀት ይዞ ተረጋግቶ መቀመጥ ስህተት ነው። ሲቲ ስካንም በእጢው ውስጥ ያለን ካንሰር ለመፈለግ አይሆንም፤ ኤምአርአይ ጠፋ ብለው በእሱ ለመተካት ገንዘብ አያውጡ።

ከአልትራሳውንዱ ወረቀት የሚፈልጉት የእጢውን መጠን ነው። የፒኤስኤውን ቁጥር በዚህ መጠን ያካፍሉ፤ የፒኤስኤ ጥግግት የሚባለው ይህ ነው። ሁለት ሰዎች ፒኤስኤያቸው እኩል 7 ነው እንበል። የአንደኛው እጢ 100 ሚሊሊትር ከሆነ ውጤቱ 0.07 ይመጣል፤ እጢው ስላደገ ብቻ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። የሁለተኛው እጢ 35 ሚሊሊትር ከሆነ ግን 0.20 ነው። ከ0.15 በላይ ሲሆን ሐኪሞች ጥርጣሬያቸውን ይጨምራሉ። ስሌቱን እርስዎም ሆኑ አስታማሚ ልጅዎ በስልክ ሊሠሩት ትችላላችሁ፤ ሠርታችሁ ሐኪሙን ጠይቁት።

ኤምአርአይ ለማን?

ለሁሉም አይደለም። ፒኤስኤው ከፍ ላለ፣ በጣት ምርመራ አጠራጣሪ ነገር ለተገኘበት፣ ጥግግቱ ለጨመረ፣ አባቱ ወይም ወንድሙ በፕሮስቴት ካንሰር ለታመመ ሰው ይገባል። በአሜሪካ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸው ወንዶች በዚህ ካንሰር ከሌሎች ይልቅ የሚያዙና የሚሞቱ በመሆናቸው፣ እዚያ የምትኖሩ ጥያቄውን ሳትዘገዩ ለሐኪማችሁ አንሡ። ቀዶ ሕክምናው በግሪንላይት ሌዘር እጢውን የሚያተን ከሆነም ቅድመ ምርመራው ይጠናከር፤ የሚተነው ሥጋ ለፓቶሎጂ፣ ማለትም በአጉሊ መነጽር ለሚደረገው ምርመራ፣ የሚላክ ናሙና አያስቀርም። በአንጻሩ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ያለባቸው፣ ካንሰር ቢገኝም ሕክምናቸው የማይለወጥ አረጋዊን ለኤምአርአይ ማንገላታት ተገቢ አይመስለኝም።

የምስሉ ኃይል በጥናት የተፈተነ ነው። በብሪታንያ ተሠርቶ በ2017 የታተመው ፕሮሚስ የተባለው ጥናት 576 ወንዶችን መርምሮ፣ አደገኛ የሆነውን ካንሰር ኤምአርአይ 93 በመቶ ሲያገኝ በአልትራሳውንድ እየተመሩ ከእጢው በየቦታው በመርፌ የሚወሰደው የተለመደው ናሙና ግን 48 በመቶ ብቻ እንዳገኘ አሳየ። በዚያው ጥናት ምስላቸው አጠራጣሪ አይደለም ከተባሉት መካከል ግን ከአሥሩ በአንዱ ያህል አደገኛ ካንሰር ተገኝቷል። ንጹሕ ምስል ጥርጣሬን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ወደ ማሽኑ ከመግባትዎ በፊት

ማዕከሉን ሲመርጡ ማሽኑ ስንት ቴስላ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለፕሮስቴት 1.5 ወይም 3 ቴስላ ያስፈልጋል። ትእዛዙ «የዳሌ ኤምአርአይ» ብቻ እንዳይል፣ የፕሮስቴት ካንሰርን ለመፈለግ እንደሆነ ተጽፎ ይምጣ፤ የአነሣሡ ዓይነት ይለያያልና። በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። በ2025 የወጣው ፕራይም የተባለው ጥናት የምስሉ ጥራት ጥሩ እስከሆነ ድረስ ያለ ማቅለሚያ የሚነሣው ኤምአርአይ አደገኛ ካንሰርን በማግኘት ከባለማቅለሚያው እንደማያንስ አሳይቷል። ዋጋውንም ሰዓቱንም ይቀንሳልና ሐኪምዎን ይጠይቁ። ማቅለሚያ የሚሰጥ ከሆነ የኩላሊት ምርመራ ውጤት ይያዙ፤ ሽንታቸው ለረጅም ጊዜ የታገደባቸው ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ስለ ብረት የሚጠየቁትን ቀላል አድርገው አይመልሱ። የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ በአንጎል ደም ሥር ላይ የተደረገ ክሊፕ፣ የጆሮ መሣሪያ ካለ ይናገሩ። በውጊያ ቆስለው ጥይት ወይም ፍንጣሪ በአካላቸው የቀረ፣ በብየዳ ሥራ ብረት ዓይናቸው የገባ ሰዎች ይህን ሳይናገሩ መግባት የለባቸውም፤ ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል። የተተካ ዳሌ ያለው ብዙውን ጊዜ መግባት ይችላል፣ ምስሉ ግን ሊዛባ ይችላል።

ከመግባትዎ በፊት ይጸዳዱ፤ በፊንጢጣ የተከማቸ ሰገራና አየር ከጎኑ ያለውን የእጢውን የዳር ክፍል ምስል ያበላሸዋል። ናሙና ቀደም ብሎ ተወስዶ ከነበረ ደሙ እንዲጠራ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይለፍ። ውስጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ነው። ድምፁ ይጮኻል፣ ሕመም የለውም፣ ጨረርም የለውም። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ውጤቱን ማንበብ

ሪፖርቱ ላይ ፒራድስ የሚል ከ1 እስከ 5 የሚደርስ ቁጥር ያያሉ። 1 እና 2 አደገኛ ካንሰር መኖሩ የማይመስል ነው፤ 4 እና 5 የሚያጠራጥር ነው፤ 3 መሃል ላይ ነው። ቁጥሩ የጥርጣሬ መጠን እንጂ የካንሰሩ ደረጃ አይደለም። 4 ተብሎ «አራተኛ ደረጃ ደርሷል» እያለ ቤተሰብ የሚያለቅስበት ምክንያት የለም። ካንሰር ነው የሚባለው ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ከቁጥሩ እኩል የሚያስፈልግዎት ቦታው ነው። አጠራጣሪው ነጥብ በዳር ክፍል ከሆነ ቀዶ ሕክምናው አይነካውም፤ ስለዚህ 4 ወይም 5 ከሆነ አስቀድሞ ናሙና ይወሰድ። መሃል ላይ ከሆነ ወጥቶ ወደ ፓቶሎጂ ይሄድ ይሆናል፤ ቢሆንም አደገኛ ካንሰር ከተጠረጠረ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ራሱ ሊለወጥ ስለሚችል እዚያም ናሙናው ይቀድማል። 3 ሲሆን ቅድም ያሰሉት ጥግግት ፍርዱን ያግዛል። ምስሉ 1 ወይም 2 ሆኖ ጥግግቱ ከፍተኛ ከሆነ ወይም በጣት ምርመራ ጠጣር ነገር ከተነካም ስለ ናሙና ጠይቁ። ናሙና ወሳጁ ሐኪም ምስሉን አይቶ ወደ ነጥቡ እንዲያነጣጥር የኤምአርአዩን ሲዲ ይዘው ይሂዱ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።

ካንሰር ከተገኘ ሁሉም አንድ መንገድ አይሄድም። ዝቅተኛ ደረጃ ያለው በቅርብ ክትትል ሊቆይ፣ የእብጠቱም ቀዶ ሕክምና ሊቀጥል ይችላል። ከፍ ያለው ግን እጢውን በሙሉ ማውጣትን ወይም ጨረርን ሊጠይቅ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የሽንቱም ችግር አብሮ የሚፈታበት ጊዜ አለ።

ኤምአርአይ በአቅራቢያ ከሌለ ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ፒኤስኤ፣ የጣት ምርመራና የጥግግቱ ስሌት ይሠሩ፤ ጥርጣሬ ካለ የተለመደው ናሙና ይወሰድ። ኩላሊቱ የተጨናነቀ ሰው ደግሞ በምስል ወረፋ ምክንያት አይጠብቅ፤ በካቴተር ሽንቱ ወርዶለት ምርመራው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ

የወጣው ሥጋ ወደ ፓቶሎጂ መሄዱን ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ውጤቱንም ሳይቀበሉ ጉዳዩን አይዝጉ። ምስሉም ናሙናውም ያላዩት ካንሰር እዚያ የሚገኝበት ጊዜ አለና። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ፒኤስኤዎን ያስለኩ። አብዛኛው እጢ ስለወጣ ቁጥሩ በእጅጉ ይወርዳል፤ አዲሱ መነሻዎ ያ ነው። 8 የነበረው 1 ሆኖ ከሁለት ዓመት በኋላ 3 ቢደርስ ላቦራቶሪው «ኖርማል» ብሎ ይጽፍልዎት ይሆናል። ለእርስዎ ግን ሦስት እጥፍ ጨምሯል፤ ሁለቱንም ወረቀቶች ይዘው ወደ ዩሮሎጂስትዎ ይመለሱ።