የአዋሽ ማለዳ፤ አራዊትንና አዕዋፍን ስለ መመልከት

በአዋሽ ሸለቆ የምንማር ተማሪዎች የሩቅ አገር አራዊትን ከመጽሐፍ እናጠናለን። በአገራችን ሜዳ ላይ ያሉትን ግን ብዙ ጊዜ ከስማቸው በቀር አናውቃቸውም። ስለዚህ እንዴት እንደሚጠኑ ባጭሩ እንገልጻለን።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1961 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰሜኑ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራ ይታያል፤ በደቡቡ ወንዙ ፏፏቴ ሠርቶ ወደ ገደል ይወርዳል። ከ400 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበውበታል።

ለጥናት የሚሻለው ከንጋት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። አራዊቱ በቅዝቃዜው ይመገባሉ፤ ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ወደ ጥላ ስለሚገቡ እነሱን ማየት ያስቸግራል።

ተመልካቹ ይህን ጥያቄ ይያዝ፤ ይህ እንስሳ ውሃውን ከየት ያገኛል? መልሱ የእንስሳውን መኖሪያ ያስረዳል። በኢላላ ሳላ ሜዳ የሚሰማራው ሳላ ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን ይቆያል። በቀን ሰውነቱ እንዲግል ትቶ በላብ የሚጠፋውን ውሃ ይቆጥባል፤ ሙቀቱንም በሌሊት ቅዝቃዜ ያወጣዋል። ደፈርሳ ግን አዘውትሮ መጠጣት ስላለበት ከወንዝ ዳር አይርቅም። አምባራይሌ በቁጥቋጦ ውስጥ ይደበቃል፤ አዞና ጉማሬ ከወንዙ ጋር ይኖራሉ።

ዝንጀሮዎቹም ልዩ ትምህርት ይሰጣሉ። ከፏፏቴው በላይ አኑቢስ የተባለው፣ በታች ደግሞ ወንዱ ግራጫ ጎፈር ያለው ሐማድርያስ ይኖራል፤ በሚገናኙበት ስፍራ ከሁለቱ የተዳቀሉ ይገኛሉ። ከወፎች ወገን ቀዩ ንብ በል አንዳንድ ጊዜ በትልልቅ የምድር ወፎች ጀርባ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ይህን የሚያደርገው በእግራቸው የሚያስነሡትን ነፍሳት ለመያዝ ነው።

ከአዋሽ ወደ ሰመራ ስንወርድ ምድሩ እየደረቀ ይሄዳል። መንገዱ የዱር አህያን ለመጠበቅ የታሰበውን ያንጉዲ ራሳ ፓርክ ያቋርጣል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው አዋሽ ራሱ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ከዚህ የተነሣ በሸለቆው ውስጥ ሰው፣ ከብትና አውሬ የሚካፈሉት ውሃ አንድ ነው፤ ድርቅ ሲመጣ አርብቶ አደሩ ከብቱን ወደ ፓርኩ ሣር መንዳቱ ከችግር የተነሣ ነው።

የሚታየው ሁሉ በደብተር ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስፍራው፣ ብዛቱ፣ እንስሳው ያደርግ የነበረውም። ስሙን የማናውቀውን መልኩን እንሣል፤ የአገር ሽማግሌዎችንም እንጠይቅ፤ የውሃውንና የአውሬውን መንገድ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉና። ጎጆና እንቁላል አይነካ።

ይህ መዝገብ ከንቱ ድካም አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ገደማ ቆርኬዎች ከሰንቀሌ ተወስደው በአዋሽ ሜዳ ተለቀው ነበር። ዛሬ ቆርኬን ለማየት የሚሻ ግን ወደ ሰንቀሌ ወይም ወደ ማዜ መሄድ አለበት። የሚመናመን ፍጥረት በአንድ ቀን አይጠፋም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል፤ መቀነሱም የሚታወቀው አስቀድሞ የቈጠረ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ ማለዳ ወጥቶ የሚያየውን ቢመዘግብና ደብተሩን ለሚከተለው ክፍል ቢያስረክብ፣ ሳላው ሲቀንስ ሳይረፍድ የምናውቅ እኛ እንሆናለን።