ነጻው የብድር ታሪክ ሪፖርት በአሜሪካ፦ የማግኘት መብትና የማረም ዕድል

በአሜሪካ ቤት የሚከራይ፣ መኪና በዱቤ የሚገዛ ወይም የቤት መግዣ ብድር የሚጠይቅ ሰው በአብዛኛው የሚመዘነው ራሱ ባልጻፈው ሰነድ ነው። ይህም የብድር ታሪክ ሪፖርት፣ በተለምዶ አጠራር ክሬዲት ሪፖርት፣ ይባላል። ዋነኞቹ አዘጋጆች ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት የግል ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ መረጃውን ከባንኮች፣ ከክሬዲት ካርድ ሰጪዎችና ከዕዳ ሰብሳቢዎች ይቀበላሉ። ይህ ጽሑፍ፣ ሪፖርቱን ያለ ክፍያ የማግኘት መብት ዋና ፋይዳው ገንዘብ ማዳኑ ሳይሆን ስሕተትን ለማረም በር መክፈቱ መሆኑን ያሳያል። ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የመብቱ አመጣጥ

በ1970 የወጣው የፍትሐዊ ብድር ሪፖርት አዋጅ ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ምንነት እንዲያውቅ ፈቀደ፤ ብድር የተከለከለ ካልሆነ በቀር ግን ክፍያ ሊጠየቅ ይችል ነበር። በ2003 የወጣው ማሻሻያ ሦስቱም ኩባንያዎች በየ12 ወሩ አንዳንድ ነጻ ቅጂ እንዲሰጡ አስገደደ። ኩባንያዎቹ በ2020 ወረርሽኙን ተከትሎ በየሳምንቱ በነጻ መስጠት ጀመሩ፤ በ2023ም ይህንኑ ዘላቂ ማድረጋቸውን አስታወቁ። ልዩነቱ ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ ዓመታዊው ቅጂ የሕግ ግዴታ ሲሆን፣ ሳምንታዊው የኩባንያዎቹ ውሳኔ ነው።

2. አፈጻጸሙ

ለዚሁ ተግባር በሕግ የተቋቋመው የጋራ ማዕከል አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ነው፤ ጥያቄው በስልክ ወይም በፖስታም ሊቀርብ ይችላል። አመልካቹ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የልደት ቀኑንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ያቀርባል። ከዚህ ውጪ በሪፖርቱ ምክንያት ብድር የተከለከለ ሰው፣ ማስታወቂያው በደረሰው በ60 ቀናት ውስጥ ከጠየቀ ተጨማሪ ነጻ ቅጂ ያገኛል።

“ነጻ” የሚለው ቃል ሁሉ ግን አይታመንም። በ2005 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ ነጻ ሪፖርት እሰጣለሁ እያለ ደንበኞችን በግልጽ ሳያሳውቅ የ79.95 ዶላር ክፍያ ላለው አገልግሎት ይመዘግባል ብሎ የከሰሰው አንድ ድርጅት 950,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

3. ስሕተትና የስም ጉዳይ

ይኸው ኮሚሽን በ2012 ባቀረበው ጥናት ከ1,001 ተሳታፊዎች አንድ አራተኛ ያህሉ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርታቸው ላይ የብድር ነጥባቸውን ሊነካ የሚችል ስሕተት አግኝተዋል። ለ5 በመቶዎቹ ስሕተቱ ብድርን ሊያስወድድባቸው የሚችል ነበር።

ጉዳዩ በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተለየ መልክ አለው። በኢትዮጵያ ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። የአያት ስም በአንዱ ቅጽ ላይ ይገባል፣ በሌላው ይቀራል፤ “ፀሐይ”ን የመሰለ ስምም በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይጻፋል። አበዳሪዎች በተለያየ አጻጻፍ ሲመዘግቡ የአንድ ሰው ታሪክ በሁለት ፋይል ሊከፈል፣ ወይም ከሌላ ሰው ታሪክ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ስለሆነም ከዕዳው ዝርዝር አስቀድሞ መነበብ ያለበት የስምና የአድራሻ ክፍሉ ነው።

ስሕተት ያገኘ ሰው ያለ ክፍያ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። ኩባንያው ጉዳዩን በመደበኛነት በ30 ቀናት ማጣራት አለበት፤ ተቃውሞው ዓመታዊውን ነጻ ቅጂ ተከትሎ ሲቀርብ ግን ጊዜው እስከ 45 ቀናት ይደርሳል። ትክክለኛነቱ ያልተረጋገጠ መረጃ መሰረዝ ወይም መታረም ይኖርበታል።

4. ማጠቃለያ

ሕጉ ለማጣራት ሳምንታትን ሲሰጥ፣ ቤት ሻጭም ሆነ አከራይ ያን ያህል ላይታገሥ ይችላል። ከክልከላ በኋላ የተጠየቀ ሪፖርት ለምን እንደተከለከሉ ይነግራል፤ ከማመልከቻው ወራት አስቀድሞ የተጠየቀ ግን ክልከላውን ለማስቀረት ጊዜ ይሰጣል። የነጻው ቅጂ ዋጋ የሚለካውም በዚሁ ጊዜ ነው።