የፀረ-ኦክሳይድ ንጥረ ምግቦች እና ጤና በወረርሽኝ ወቅት

የኮቪድ-19 በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ በኋላ፣ ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ከበሽታው ያድናሉ የሚል ወሬ በስፋት ተሰራጭቷል። እነዚህ ምግቦች ለጤና ተስማሚ ቢሆኑም በቫይረሱ መያዝን አያስቀሩም፤ የታመመንም ሰው አይፈውሱም። የምግብ ድርሻ ሰውነት በሽታን የሚቋቋምበትን አቅም መደገፍ ነው።

ፀረ-ኦክሳይድ ምን ይሠራል?

ሕዋሳት ከምግብ ኃይል ለማግኘት ኦክስጅንን ሲጠቀሙ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያልተረጋጉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትም ተሕዋስያንን ለመግደል ይገለገሉባቸዋል። መጠናቸው ሲበዛ ግን የራሳችንን ሕዋሳት ይጎዳሉ። ፀረ-ኦክሳይድ ንጥረ ምግቦች ይህን ጉዳት ይቀንሳሉ። ቫይታሚን ኢ የሕዋሳትን ሽፋን ይጠብቃል፤ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ያገለገለውን ቫይታሚን ኢ መልሶ ያድሰዋል። ንጥረ ምግቦቹ የሚደጋገፉ በመሆናቸው አንዱን ምግብ ከማብዛት ይልቅ አሰባጥሮ መመገብ ይበልጣል።

ከየትኞቹ ምግቦች ይገኛሉ?

• ቫይታሚን ሲ፦ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ
• ቤታ ካሮቲን፦ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ጎመን
• ቫይታሚን ኢ፦ ሱፍ፣ ለውዝ
• ሴሊኒየም፦ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ሥጋ

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በጾም ወቅትም ከአትክልት፣ ከፍራፍሬና ከቅባት እህሎች ማግኘት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገቡ ይመክራል።

እንዴት ይዘጋጁ?

ቫይታሚን ሲ በውኃ ይሟሟል፤ በሙቀትም ይቀንሳል። ስለሆነም ጎመን ከመከተፉ በፊት ይታጠብ፤ በጥቂት ውኃም ለአጭር ጊዜ ይብሰል። ቤታ ካሮቲን ከጥቂት ዘይት ጋር ሲበላ ሰውነት በተሻለ ሁኔታ ይጠቀምበታል።

ጥንቃቄ

ለምግብ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለቫይታሚን እንክብል ማዋል አይመከርም። በፊንላንድ በሚያጨሱ ወንዶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነ ጥናት፣ የቤታ ካሮቲን እንክብል የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት በሳንባ ካንሰር እንደተያዙ አሳይቷል። ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤም በእርግዝና ወቅት ጽንስን ሊጎዳ ይችላል።

የተመጣጠነ ምግብ ክትባትን፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛን፣ እጅ መታጠብንና ርቀት መጠበቅን አይተካም። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ሲያጋጥም በቤት ውስጥ መድኃኒት ጊዜ ሳያባክኑ በአፋጣኝ የጤና ባለሙያ ያማክሩ።